የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አሥራ አራት

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ ካስተካከሉት በኋላ «ስድሳ ኮፒ። ለየቤቱ አንዳንድ ይደርሳል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጓሮውን ቁጥቋጦ መርጨት እንጀምራለን» አሉኝ። እኚህ ሰው የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ፣ ቆሻሻ ሊደፉ ሲወርዱ እንኳ ከረባት የሚያስሩ። የእኔ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ከዚያው ሕንጻ ደረጃ ሥር ያለች፣ እጆቼን ብዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳ የምነካባት ክፍል ናት። አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ለደንበኛ የሚሆን አንድ ወንበር፤ እሱም አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ። ሰው ያመጣውን ወረቀት ሁሉ የማንበብ ክፉ አመል አለብኝ። የፍቺ ማመልከቻ ይሁን የኪራይ ውል አይቀረኝም፤ በዚህ ሕንጻ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ከጥበቃው ቀድሜ የማውቀው ለዚህ ነው። ይህንንም ማሽኑ ላይ ከማስተኛቴ በፊት ዓይኔን ጣል አደረግሁበት። ከላይ በትልቁ «ተጠንቀቁ» ይላል። ከሥሩ የአንዲት ቢጫና ጥቁር ሸረሪት ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ «ይህች ሸረሪት ዓይኑ አካባቢ የነከሰችው ሰው በሦስት ቀን ውስጥ የዓይኑን ብርሃን ይነጠቃል» የሚል ተጽፏል። ዐረፍተ ነገሩ የእኔ ነው። ከነሦስት ቀኑ፣ ከነመነጠቁ፣ እኔ የጻፍኩት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ኢንተርኔት ላይ ያለውን መዝገበ ዕውቀት የሚጽፈው ማንም ሰው ነው፤ ደመወዝ የለ፣ አለቃ የለ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያርማል። እኔም ደንበኛ በማይኖረኝ ሰዓት «ወንፊት» በሚል መለያ ስም እጽፋለሁ። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ እኔና ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ስለዚህችው ሸረሪት የሚያወራውን ገጽ ይዘን ሌላ ነገር ማሰብ ትተናል። አንዱ «ጉንዳን» ይባላል፤ ሲጽፍ ይሮጣል፣ ፊደል ይገድፋል፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሦስት ቃለ አጋኖ ይደረድራል። ሌላው «ባለመነጽሩ» ነው፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ለማንሳት «በጉዳዩ ላይ ያለኝን ትሑት አስተያየት ለማቅረብ ያህል» ብሎ የሚጀምር፣ መልስ ለመስጠት ሁለት ቀን የሚፈጅ ሰው። ስንጀምር ገጹ ስድስት መስመር ነበር። አሁን ሴቷ ወንዱን በስንት እንደምትበልጠው፣ ያረጀ ድሯን እየበላች እንደ አዲስ እንደምትሠራ፣ በድሩ መሃል በስፌት መኪና የተሰፋ የሚመስል ዚግዛግ እንደምትጥልና ለምን እንደምትጥለው ምሁራኑ ገና እንዳልተስማሙ፣ ሁሉም ተጽፎ ሁሉም በግርጌ ማስታወሻ ተደግፏል። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምርጥ ገጽ ድምፅ መስጫው ይዘጋል። ካለፍን ነገ በዋናው ገጽ ላይ የምትወጣው የእኛ ሸረሪት ናት። ከጠዋት ጀምሮ ገጹን በየደቂቃው እየከፈትኩ አያለሁ፤ እንዲህ የሆንኩት ልጅ ሆኜ አዲስ ጫማ የተገዛልኝ ቀን ብቻ ነው።

የዚህ ሥራ አንደኛ ሕግ «ዓይኔ አይቷል፣ ጆሮዬ ሰምቷል» ማለት አይቻልም የሚል ነው። የታተመ ምንጭ ካላመጣህ እውነትም ቢሆን አይጻፍም። ይህን ሕግ እንደ እኔ የሚያጠብቅ የለም። ጉንዳን አራት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ቆሞ ሸረሪቷ እንቁላል ስትጥል ያየውን በሚያምር አንቀጽ ጽፎት ነበር፤ እኔ «ዓይንህ ምንጭ አይደለም» ብዬ አንድም ቃል ሳላስቀር ሰረዝኩት። ሁለት ቀን አኩርፎ ጠፋ። እኔ ግን ልክ ነበርኩ፣ ልክ በመሆኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሊቀመንበሩ ፊት ቆሜ የማስበው ስለዚያ አንቀጽ ነበር።

ሸረሪቶቹ ሩቅ አይደሉም። ከሕንጻው ጀርባ፣ ከልብስ ማስጫ ገመዶቹ ወዲያ፣ የግቢውን አጥር ተከትሎ የሚሄድ ቁጥቋጦ አለ። እዚያ ውስጥ አሥራ አንድ አሉ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። በየጠዋቱ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት የፀሐይ መነጽሬን አድርጌ እወርድና እጄን ዘርግቼ በስልኬ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። ደመና ቢሆንም መነጽሩን አደርጋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ገጹ ላይ ያሉት ምስሎች እነዚያ ናቸው። አንድ ድምፅ ሰጪ «ስለ ቀለሟ ይህን ሁሉ ጽፋችሁ ምስሏ ግን በበረኪና የታጠበ ጨርቅ ይመስላል» ብሎ ተቃውሞናል። እኔም ነገሩን በስልኬ እርጅና አላከክሁት።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ከጀርባው ግርጌ፣ በአጉሊ መነጽር በምትነበብ ደቃቅ ፊደል፣ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ማኅተም አጠገብ፣ «ምንጭ፦ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ምክንያቱም የእኛ ገጽ ላይ ያ የዕውርነት ዐረፍተ ነገር የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አሥራ አራትን ይዟል፤ ቁጥር አሥራ አራት ደግሞ ይኸው በራሪ ወረቀት ነው። ባለመነጽሩ ኢንተርኔት ላይ የፊቱን ገጽ ብቻ አግኝቶ ነበር ያስገባው። እኛ እነሱን ጠቅሰናል፣ እነሱ እኛን ጠቅሰዋል፤ ውሻ የራሱን ጭራ ሲያባርር እንደማየት ነው። ከሁለታችንም በፊት ግን አንዲት «ቢራቢሮ» የምትባል ጀማሪ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ገብታ፣ ያለ ምንም ምንጭ ይህችን አንዲት መስመር ጽፋ፣ የይለፍ ቃሏን ረስታ የጠፋች። ያቺ ቢራቢሮ እኔ ነኝ። የሰማሁት ካሳደገችኝ አክስቴ ነበር። ከእሷ የሰማሁት ነገር ውሸት ሊሆን ይችላል ብዬ ለአንዲት ደቂቃ አስቤ አላውቅም፤ ቁጥር አሥራ አራት ሲገባም ወረቀቱን ከፍቼ ሳላነብ «ይኸው፣ እቴቴ ልክ ነበረች» ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ነበር።

«ማሽኑ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ አባቴ» አልኳቸው። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ የሞቀ ነው።

«ምን ያህል?»

«እስከ ስምንት ሰዓት።»

«ብቻ እንዳታስረፍጂን። አክስትሽን ማመስገን አለብን፤ ወረቀቱን ከጤና ጣቢያ ያመጡልን፣ ይረጭ ብለው ሴቶቹን ያስፈረሙት እሳቸው ናቸው» ብለው ከረባታቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት በትክክል ማስታወስ አልችልም፤ ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ነበር የሚሄዱት። የውይይት ገጹን ከፈትኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቁጥር አሥራ አራት ምንጭ አይደለም። ወረቀቱ ከእኛ የተቀዳ ነው፤ ጀርባው ላይ ራሱ ጽፎታል፣ ፎቶውን አያይዣለሁ። ዐረፍተ ነገሩን ያለ ምንጭ የጻፈው ቢራቢሮ ነው። ቢራቢሮ እኔ ነኝ።» የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋኋት። ሳልጽፋትም የሚሆን ነበር፤ የቢራቢሮን ስህተት የያዘ ጎበዝ ተብዬ በሰላም ማለፍ እችል ነበር። በአራተኛው ላክሁት። ጉንዳን ወዲያው ገባ። መጀመሪያ አንድ ሙሉ መስመር ሳቅ ብቻ ጻፈ። ቀጥሎ «ወንፊቱ ራሱ ቀዳዳ!!!» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «የአራት ቀን ድካሜን የሰረዝክብኝ አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንተ ሲለኝ ዝም ብዬዋለሁ፤ አሁን ደግሞ የማርምበት ፊት የለኝም። «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» አልኩ። እሱም «በቃ ተወው! ቀኖቹን ላውጣ!!!» አለ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የገጹን የለውጥ ታሪክ በርብሮ የቢራቢሮ መስመር ከበራሪ ወረቀቱ በዓመት ከአምስት ወር እንደሚቀድም በሰንጠረዥ አቀረበ። ቀኑ ራሱ መሰከረብኝ፣ ደግሞም መሰከረልኝ።

ያላሰብኩት ባለመነጽሩ ነበር። ሁለት ቀን ይቆያል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳለ በሃያ ደቂቃው መልስ መጣ፤ ያለ መግቢያ፣ ያለ ትሑት አስተያየት። «የተከበሩ ወንፊት፣ ማስታወሻውን ያስገባሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ስለ ንክሻዋ የሚናገር መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ ነኝ።» ጮክ ብዬ ሳቅሁ። በደረጃው የምትወርድ ጎረቤቴ አንገቷን አስግጋ «ምነው፣ ሎተሪ ደረሰሽ?» አለችኝ። የደረሰኝስ ከዚያ አይተናነስም። ባለመነጽሩ ታክሲ ውስጥ ነው! በሩን ቆልፌ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

አክስቴ አንሶላ እየተኮሰች ነበር። ሁለት ክፍል ነው ያለን፤ በፊተኛው ውስጥ የመተኮሻው ጠረጴዛ ሲዘረጋ ማቀዝቀዣው አይከፈትም፣ ማቀዝቀዣው ሲከፈት እሷ አትተኩስም። በራሪ ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት እኔ ከወጣሁ በኋላ የማቀዝቀዣው በር ላይ በአራት ማዕዘኑ በፕላስተር ለጥፋዋለች፤ የእኔ የትምህርት ማስረጃ እንኳ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ አያውቅም። እቴቴ በዚህ ሕንጻ የተከበረች ናት። ትኩሳት የያዘው ልጅ ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ለእሷ ይታያል፤ ከባሏ የተጣላች ሻንጣዋን ይዛ የምትመጣው እኛ ቤት ነው። እኔና እሷ ግን ብዙ አናወራም። በልተሻል ወይ፣ በልቻለሁ፤ ውኃ መጥቷል ወይ፣ መጥቷል። ስለ እናቴ ሞት አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ ሁለታችንም ያንን በር ዘግተን ሰላሳ ዓመት ኖረናል።

«እቴቴ፣ ይቺ ሸረሪት ዓይን ታጠፋለች ያለሽ ማን ነው?»

«ተጽፏል እኮ! ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ አይደለሁ? ሄደሽ አንብቢው» ብላ በአገጯ ወደ ማቀዝቀዣው አመለከተችኝ።

«ከመጻፉ በፊት ማለቴ ነው። እኔ ስድስት ዓመቴ እያለ።»

ካውያው አንሶላው ላይ ቆመ። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ጤና ጣቢያው ከኢንተርኔት እንደቀዳ፣ ኢንተርኔቱ ላይ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እኔ ደግሞ ከእሷ እንደሰማሁ፣ ከእሷ ወዲያ ማንም እንደሌለ። ጨርቅ ሲሸት ነው ካውያውን ያነሳችው። ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ «ጉድጓዱ ነው» አለች። በዚያ እናቴ በሞተች ዓመት፣ በድሮው ቤታችን፣ እኔ ጠዋት እወጣና ከቤቱ ኋላ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ ቀኑን ሙሉ እቀመጥ ነበር አሉ። ከቁጥቋጦው ሥር ክዳን የሌለው የውኃ ጉድጓድ ነበር። እሷ ሥራ ውላ ነው የምትመጣው፤ የሚጠብቀኝ ሰው የለም፣ ጉድጓዱን የሚከድን ሰው ለምና አላገኘችም። አንድ ቀን ቁጥቋጦው ላይ ይህችን ባለ ቀለም ሸረሪት አየች። «ዓይንሽን ታጠፋዋለች አልኩሽ። በሦስት ቀን አልኩሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ዞር ብለሽ አላየሽም።»

«ጉድጓድ አለ ብትዪኝስ?»

«ልታይው ትሄጂ ነበራ! አላውቅሽም እንዴ?» አለች፣ ተቆጥታ። ከዚያ ድምፇ ወረደ። «እናቷን ያጣች ልጅ ላይ ሌላ ፍርሃት ጨመርኩባት እያልኩ ስንት ዓመት ቆጭቶኛል መሰለሽ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ይሄን ወረቀት ሳየው ለካ እውነት ነበር፣ ለካ አልዋሸኋትም አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።»

እኔ በእሷ ደስ ብሎኝ፣ እሷ በእኔ ደስ ብሏት፣ አንዲት ምንም የማታውቅ ሸረሪት በመሃላችን መድኃኒት ሊረጭባት ነው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወርደሽ ብትነግሪያቸው» አልኳት። «በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ልባል?» አለች። «እኔ ዛሬ ጠዋት ተብያለሁ፤ ምንም አይልም» አልኩ፣ የምትስቅ መስሎኝ። አልሳቀችም። ተነሳችና የተቃጠለውን ቦታ ወደ ውስጥ አጥፋ መተኮሷን ቀጠለች፤ እኔም ወደ ሱቄ ወረድኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጽሐፉ ገጽ መጣ። ባለመነጽሩ ከደስታው ብዛት ገጹን አንድ ጊዜ ገልብጦ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አውራ ጣቱን ጨምሮ አንስቶ ሁለቱንም ልኳቸዋል። የዚህች ሸረሪት ንክሻ ለሰው አደገኛ እንዳልሆነ፣ ቢበዛ ንብ እንደነደፈችው ያህል እንደሚያም፣ ስሙን ባስቀመጠ ሰው ተጽፏል፤ ታትሟል፤ ገጽ ቁጥር አለው። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ልናርመው ስንሯሯጥ ሁለቴ ተጋጨን። በመጨረሻ ጉንዳን «አንተ ጻፈው፣ አንተ ነህ የጀመርከው!!!» አለኝ። የራሴን ዐረፍተ ነገር በራሴ እጅ ሰርዤ፣ አዲሱን ጽፌ፣ የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አሥራ አራትን ነቅዬ መጽሐፉን ተከልኩበት። የመጽሐፉን ገጽና የጉንዳንን ሰንጠረዥ አተምኩና መነጽሬን አድርጌ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ጥበቃው የመርጫውን ጀሪካን በጀርባው ተሸክሞ ቆሟል። የመድኃኒቱ ሽታ ከሩቅ ጉሮሮ ይይዛል። ሴቶች ልብሳቸውን ከገመድ ላይ እየለቀሙ ነው፤ ሊቀመንበሩ በከረባታቸው ላይ የአፍ መሸፈኛ ደርበው ከወዲያ እስከ ወዲህ እያሉ ቁጥቋጦውን በእርምጃ ይለካሉ። ስድሳ ኮፒያቸውን ሲጠብቁ እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ሰጠኋቸው። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ ሁለቱንም አጣጥፈው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ማኅተም የለውም። የጤና ጣቢያው አለው» አሉኝ። ስለ ቀኖቹ አስረዳሁ፣ ስለ መጽሐፉ አስረዳሁ፤ በተናገርኩ ቁጥር የሴቶቹ ዓይን «ይቺ ልጅ ምን ነካት» ማለት ጀመረ። ጥበቃው የመርጫውን ዘንግ አነሳ። የመጀመሪያዋ ሸረሪት ከዘንጉ ጫፍ አንድ ክንድ አትርቅም።

«አንዴ ቆይ» አለ አንድ ድምፅ። እቴቴ ናት። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ብቻ የምታደርገውን ጫማ አድርጋለች።

«ውሸት ነው» አለች። «ሸረሪቷ ማንንም አታሳውርም። እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ይቺን ልጅ ከጉድጓድ ላርቃት ብዬ። የዛሬ ሰላሳ ዓመት ነው።»

ሊቀመንበሩ መሸፈኛቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። «ወረቀቱስ፣ እመቤቴ? ማኅተሙስ?»

«ወረቀቱን የጻፈችው እሷ ናት። ለእሷ የነገርኳት እኔ ነኝ። ማኅተሙ የእኔ አፍ ነው፤ አሁን አንስቼዋለሁ።»

ከዚያ አንዷ ሴት ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ሌላዋ ተከተለቻት። «እኔ ልጆቼን በጅብ ነው ያሳደግኩ፣ አንቺ ሸረሪት ማግኘትሽ!» አለች ሦስተኛዋ፣ ጓሮው በሳቅ ሞላ። ጥበቃው ጀሪካኑን ከጀርባው አውርዶ «ተመስገን፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር» አለ። ሊቀመንበሩ ብቻ ገና አልረኩም፤ ቀያሽ ሰው ነገርን መሬት ላይ ማየት ይፈልጋል። እቴቴ ገባት። ወደ ቁጥቋጦው ሄደችና አውራ ጣቷን ከድሩ አጠገብ፣ ከሸረሪቷ ጥቂት ራቅ አድርጋ ያዘችው። ጣቷ አልሸሸም። ሸረሪቷ እንደተዘቀዘቀች ቀረች።

ስልኬን አውጥቼ እጄን ዘረጋሁ። እቴቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«ፀሐይ በሌለበት ምን ልትሠሪ ነው ያን መነጽር ያደረግሽው?»

«ልማድ ነው።»

«ሸረሪቷ ጋ ስትመጪ ብቻ?»

ሰላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ስለዚህች ሸረሪት ከሃያ በላይ ምንጭ አንብቤያለሁ፣ ዛሬ በገዛ እጄ ንክሻዋ ምንም እንዳልሆነ ጽፌያለሁ፤ ይኸው ዓይኔን ሸፍኜ ቆሜያለሁ። እቴቴ ሁሉም ገባት፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«ለሰው ሁሉ ምንጭ ምንጭ ትያለሽ አሉ» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ስታምኚኝ ምንጭ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አሁንም እመኚኝ። አውልቂው።»

አወለቅሁት። እንዲህ ያለ ቢጫ መኖሩን አላውቅም ነበር! ሦስት ሳምንት ሙሉ በጥቁር መስታወት እያየሁ፣ ስልኩ ጨለመብኝ እያልኩ ብርሃኑን ከፍ ከፍ ሳደርግ ነው ለካ ያፈዘዝኳት። ጀርባዋ ላይ ያለው ብርማ ጸጉር፣ ጥቁሩ መስመር፣ እግሯ ላይ ያሉት ቀለበቶች፣ ሁሉም አንድ በአንድ ይታዩኛል። እጄን ሳልዘረጋ፣ ፊቴን እስከ እቴቴ ክርን አስጠግቼ አነሳኋት። አንድ ብቻ ነው ያነሳሁት፤ ሌላ አላስፈለገም።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ምስሉን ገጹ ላይ ለጠፍኩት። «በበረኪና የታጠበ ጨርቅ» ያለን ሰውዬ ተቃውሞውን አንስቶ «ይለፍ» አለ፣ ሌሎችም ተከትለውት ገቡ፣ ባለመነጽሩ «ደስታዬን ለመግለጽ ያህል» ብሎ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። እቴቴ ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ፣ በዚያ እግሩ በካርቶን በተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስክሪኑን ታያለች። «ስለ እኔ ምን አልሽ?» አለችኝ። የምስሉን መግለጫ አነበብኩላት፦ «ሴቷ ሸረሪት በድሯ ላይ። አጠገቧ ያለው፣ ለመጠን ማነጻጸሪያ፣ የሰው አውራ ጣት ነው።» አንገቷን ነቀነቀች፤ አልተከፋችም። ያኔ የጉንዳን መልእክት ብቅ አለ።

«ጣቱ የማን ነው???»

እቴቴን አየኋት።

«የምንጫችን» ብዬ ጻፍኩ።